ሃንድ ፓሌት የልጁ እግር ላይ ወጣበት፣ አሁን "ጥፋቱ የራሱ ነው" እየተባለ ነው፣ መጋዘን የምትሰሩ እስቲ ምከሩን

የጠባሴ ልጅ · ህዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለናንተ ይሁን ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እኔ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው ምሰራው፣ ስሙን አልጠራም እንጀራዬ ስለሆነ። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ፣ 22 አመቱ ነው፣ ከመንዝ የመጣ፣ ስራ ከጀመረ ገና አራት ወሩ፣ በሃንድ ፓሌት፣ ያው በእጅ የሚጎተተው ባለ ሁለት ሹካ የዕቃ ማንሻ ጋሪ፣ 24 ከረጢት ጭኖ ከመጋዘኑ በር ወደ መኪናው ሲያወርድ ተዳፋቱ ላይ አመለጠው። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው እንግዲህ አስሉት፣ 1200 ኪሎ ማለት ነው። የህዳርን ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ አድሮ ሲሚንቶው ላይ ያለው ፀሐይ ሲነካው መቅለጥ ጀምሮ ያዳልጥ ነበር። ልጁ ጀርባውን ለጭነቱ ሰጥቶ በአንድ እጁ ወደኋላ እጀታውን ይዞ እየጎተተ ነው የሚወርደው፣ ሁላችንም እንደዛ ነው ምንሰራው ማንም ሌላ አላሳየንም። ጭነቱ ሲገፋው ሮጥ ሮጥ አለ ከዛ መሬቱ ከዳው፣ ብረቱ መጀመሪያ ተረከዙን መታው ሲወድቅ ደሞ ጎማው ግራ እግሩ ላይ ወጣ። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሦስት ሆነን በእንጨት ነው ቀና አድርገን ያወጣነው ምክንያቱም ሹካው ዝቅ አይልም ወደላይም አይልም፣ ሃንድ ፓሌቱ ከድሮም የታመመ ነው፣ የፊተኛው አንዱ ትንሹ ጎማ ተሰብሮ በብረቱ ነው የሚሄደው፣ ይሄን ከመስቀል በፊት ለሱፐርቫይዘሩ ነግረናል።

ጫማው? ሸራ ጫማ። ሴፍቲ ጫማ የተሰጠን ከኔ ጋር ለገባነው ነው፣ የኔም ሶሉ ተገንጥሏል፣ ለነሱ ለአዲሶቹ አልደረሰም።

አሁን የቢሮ ሰዎች ምን አሉ መሰላችሁ፣ "ተዳፋት ላይ በእጅ መጎተት ክልክል እንደሆነ ተለጥፏል፣ መመሪያ ጥሶ ነው የተጎዳው" አሉ። እውነት ነው ተለጥፏል፣ ግን የተለጠፈው ቢሮ ውስጥ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ ደሞ ቢሮ የገባው የተቀጠረ ቀን ብቻ ነው። የጽሑፍ ውል የለውም፣ በ15 ቀን ነው የሚከፈለው። ምን ማድረግ ይችላል? እኛስ ምን እናድርግ?


ደብረሲና_እናት · 3፡41

አቤት አምላኬ። እግዜር ይማረው ወንድሜ። እናቱ ሰምታለች? የሰው ልጅ ለእንጀራ ብሎ ወጥቶ...


ነርስ_ከሸዋሮቢት · 3፡55

የጠባሴ ልጅ፣ ከህጉ በፊት እግሩን ልጠይቅህ። ራጅ ተነስቷል? ተረከዙ ላይ ቁስል አለ? ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ እንዴት ነው? እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው ምሰራው፣ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር የተጫነው እግር ላይ ምፈራው ስብራቱን ብቻ አይደለም። እብጠቱ ውስጥ ለውስጥ ጠብቆ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ምልክቱ ህመሙ ከጉዳቱ በላይ እየባሰ መሄድ፣ ማስታገሻ አለመስማት፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀና ሲያደርጋቸው ማስጮህ፣ መደንዘዝ፣ መገርጣትና መቀዝቀዝ ነው። ይሄ ከመጣ "ነገ ጠዋት" የሚባል ነገር የለም፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል፣ ምክንያቱም ሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ሊሞት ይችላል። ጀሶ ከተደረገለት በኋላም ቢሆን ይሄ ስሜት ከመጣ ተመልሶ ይሂድ፣ ጀሶው ይጠብበት ይሆናል።

ሌላው፣ አትሹት። በፋሻ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። እግሩ ከፍ ይበል፣ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዝለት።


የጠባሴ ልጅ · 4፡10

እህቴ እግዜር ይስጥሽ። በባጃጅ ነው የወሰድነው፣ ራጅ ተነስቶ የእግሩ መዳፍ ላይ ያሉት ሁለት አጥንት ተሰንጥቀዋል ተባለ፣ ተረከዙ ተሰፋ፣ ጅማቱ አልተበጠሰም አሉ። ጀሶ ተደርጎለት ስድስት ሳምንት ተብሏል። ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ ህመሙ ዛሬ ቀነስ ብሎለታል። ወጪውን ለጊዜው እኛ አዋጥተን ነው የከፈልነው። አሁን ግን አጎቱ ከሀገር ቤት መጥቶ "ጀሶውን አውልቁና ወጌሻ ጋ እንውሰደው" እያለ ነው።


መንዜው_77 · 4፡22

አጎትየው እውነቱን ነው። የኛ ሀገር ወጌሻ ስንቱን አሽቶ ያቆመው። እኔ ራሴ ክንዴን ከፈረስ ወድቄ ወጌሻ ነው ያዳነኝ፣ ሆስፒታል ቢሆን ይቆርጡኝ ነበር።


ነርስ_ከሸዋሮቢት · 4፡37

ወንድሜ መንዜው፣ ወጌሻ አልንቅም፣ አያቴ ወጌሻ ነበር። የወለቀ ትከሻ እንዴት እንደሚመልስ በአይኔ አይቻለሁ። ግን አያቴ ራሱ የተፈጨና ቆዳው የተከፈተ ነገር አይነካም ነበር፣ "ይሄ የኔ አይደለም" ብሎ ይመልስ ነበር። የዚህ ልጅ ተረከዙ ተሰፍቷል፣ ቁስል አለ፣ ያንን እግር ፈትቶ ማሸት ቁስሉን መክፈትና የተሰነጠቀውን አጥንት ከቦታው ማንሸራተት ነው። በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ጣቱ ጠቁሮ የመጣ ልጅ ተቀብያለሁ፣ አንዴ ብቻ አይደለም። ለአጎትየው በአክብሮት ንገሩልኝ፣ ጀሶው በሐኪሙ ቀን ይፈታ፣ ከዛ በኋላ እግሩ እንዲፍታታ የሚያደርግለት ሰው ቢፈልግ ያኔ ሐኪሙን ጠይቆ ይሂድ።


አሮጌው_ስቶር_ኪፐር · ህዳር 12፣ ጠዋት 12፡50

እኔ 19 አመት ስቶር ኪፐር ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ እድሜዬ ለናንተ አባት ይሆናል፣ እና የምላችሁን እንደ ቁጣ አትዩት። ሁሉም ጉዳት የአሰሪ ጥፋት አይደለም። ሃንድ ፓሌት ላይ አንድ እግሩን አስቀምጦ በሌላው እየገፋ እንደ ስኬቲንግ የሚንሸራተት ስንት ልጅ ተቆጥቻለሁ። ሹካው ላይ ሰው አሳፍሮ የሚጎትትም አይቻለሁ። አንዱ እንደዛ ሲጫወት ጣቱን ከምሰሶ ጋር አጣበቀ፣ ከዛ ወዲህ ብዕር በቀኝ እጁ አይዝም።

ግን የዚህ ልጅ ነገር ሌላ ነው። ስራ ነው የሰራው። እና ለሌሎቻችሁም እንዲሆን ተዳፋቱን ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። አብዛኛው በእጅ የሚሄደው ሃንድ ፓሌት ፍሬን የለውም። የለውም። የሚያቆመው የናንተ ጉልበት ብቻ ነው። ለጥ ያለ ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ አንድ ቶን በአንድ ሰው ይሄዳል ስለዚህ ልጆቹ ቀላል ይመስላቸዋል። መሬቱ በሜትር 5 ሳንቲ ዝቅ ካለ ግን 1200 ኪሎው 60 ኪሎ ሆኖ በራሱ ይገፋል፣ ያውም ቆሞ እያለ ነው፣ አንዴ ፍጥነት ከያዘ ማን ያቆመዋል። ስለዚህ ህጉ አንድ ነው፣ ሰው ሁልጊዜ ከጭነቱ በላይ በኩል ነው። ሲወርድ ጭነቱ ከፊት ከታች፣ ሰውየው ከላይ ከኋላ ሆኖ ይይዘዋል። ሲወጣ ሰውየው ከላይ ሆኖ ይጎትታል። ከታች የሚቆም ሰው መኖር የለበትም፣ የሚረዳ ጓደኛም ቢሆን። ከምንም በላይ ግን እንዲህ ያለ ጭነት ተዳፋት ላይ በእጅ ባይወርድ ነው፣ ወይ በፎርክሊፍት፣ ወይ ጭነቱ ለሁለት ለሦስት ተከፍሎ።

ሜዳ ላይ ደግሞ ግፉ አትጎትቱ። ሲጎትት ሰው ወገቡን ያጣምማል፣ አንድ እጁ ወደኋላ ነው፣ የሚሄድበትን ያያል ግን ከኋላው የሚመጣውን አያይም፣ ሲቆም ብረቱ አይቆምም ተረከዙን ይመታዋል። ሴፍቲ ጫማውም ብረቱ ያለው ጣት ላይ ነው፣ ተረከዝን አያድንም። ልጁ ቢኖረውም ጣቱን እንጂ ተረከዙን አያተርፍለትም ነበር፣ ይሄን የምለው ጫማው አይሰጥ ለማለት አይደለም፣ የአጎታተቱ ነገር ከጫማ እንደሚበልጥ ለመናገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። እኔ አንድ ጊዜ መኪና ቆሞብኝ፣ ባለመኪናው እየጮኸ፣ አለቃዬ እየደወለ፣ አንዱን ጫኝ "ቶሎ በል" አልኩት። ደርቦ ደርቦ ጫነ፣ ፓሌቱ ዘመመ፣ የላይኛው ካርቶን ተንዶ ትከሻው ላይ ወረደ። ሰውየው እስካሁን ቀበሌያችን ነው፣ ቤተክርስቲያን እንገናኛለን፣ ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ አያነሳም። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። "ቶሎ በል" የሚለው ቃል የኔ ነበር።


የጠባሴ ልጅ · 1፡15

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ። "ከላይ በኩል ቁሙ" የሚለውን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሦስት አመት ሰርቻለሁ።


መካኒክ_ቀበሌ04 · 2፡30

የሃንድ ፓሌቱን ነገር እኔ ልመልስ ስራዬ ስለሆነ። ያልከው ነገር ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። አንደኛ ሹካው ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ጎማዎች አሉ አይደል ጭነቱን የሚሸከሙት፣ እነሱ አንዱ ሲሰበር በአክሱ፣ በመሃል ብረቱ ማለት ነው፣ ይሄዳል፣ መሬቱን ይነክሳል፣ አንዳንዴ ይይዛል አንዳንዴ ይለቃል፣ ሲለቅ ደሞ ወደ አንድ ጎን ይጥላል። ስለዚህ ልጁ ሲወርድ ባንዴ የተወረወረበት በዚህም ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታው፣ ጎማውን የሚያሽከረክረው፣ አልቆ ይሆናል መጀመሪያ፣ ኩሽኔታ የሚያልቀው ጨርቅና ክር ሲጠመጠምበት ነው፣ ማንም አያየውም። በሳምንት አንዴ ገልብጣችሁ ክሩን በቢላ ቁረጡና ግራሶ ስጡት በቃ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ ሹካው ዝቅ አለማለቱ። እጀታው ላይ ያለችው ማንሻ ሦስት ቦታ አላት፣ ወደታች ስትሆን ፓምፕ ታደርጋለህ ይነሳል፣ መሃል ላይ ለመንዳት፣ ወደላይ ስትስባት ይወርዳል። ወደላይ ስበህ ካልወረደ ብዙ ጊዜ ከማንሻዋ የሚወርደው ሰንሰለት ረዝሟል ወይ ጫፉ ላይ ያለው ቡሎን መስተካከል ፈልጓል፣ ዝም ብሎ በቁልፍ የሚስተካከል ነው። ጎን ለጎን ተጣምሞ ከነከሰም አይወርድም፣ ያ ከመጠን በላይ ተጭኖ ሹካው ሲታጠፍ የሚመጣ ነው። አላነሳም የሚለው ደሞ ወይ ዘይት ጎድሏል ወይ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ሲል (ጎሚኒው) አልቋል ወይ አየር ገብቷል። አየር ከሆነ ያለ ጭነት ማንሻዋን የመውረጃው ላይ ይዘህ እጀታውን አስር አስራ አምስት ጊዜ ፓምፕ አድርገው፣ ይመለሳል።

እና ሃንድ ፓሌቱ ላይ የተለጠፈችው ሳህን ላይ የተጻፈውን እዩ፣ አብዛኛው 2 ቶን ወይ 2.5 ቶን ይላል፣ ያ ግን ለጤነኛው ነው፣ ለለጥ ያለ መሬት ነው፣ ጭነቱ ሁለቱም ሹካ ላይ እኩል ሲቀመጥ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ጭነህ 2 ቶን ይችላል ብትል አይችልም።

የተበላሸ ካለ ደሞ ጥግ ላይ ማቆም አይበቃም ምክንያቱም የማታው ሺፍት መጥቶ ይወስደዋል። እጀታውን በሰንሰለት እሰሩት ወይ ጎማውን ንቀሉት።


ዝም_ማለት_ይሻላል · 3፡05

ይቅርታ ግን እውነቱን ልናገር። ይሄን ሁሉ ብታወሩ ልጁን ያስወጡታል፣ አንተንም ያስወጡሃል፣ በር ላይ ስራ ፈልጎ የቆመው ሰው ስንት ነው። በየማለዳው ሄደህ እየው። ትንሽ ብር ሰጥተውት ሀገሩ ይግባ። እኔ ራሴ ጣቴን ተቆርጬ ዝም ብዬ ነው የሰራሁት፣ ስለዚህ ነው እስካሁን ልጆቼን ያሳደግኩት።


ጥጥና_ክር · 3፡40

ወንድሜ ዝም ማለት፣ ስለ ጣትህ አዝናለሁ ከልቤ። ግን ዝም ብለን የት ደረስን? እኔ ጨርቅ መጋዘን ነው ምሰራው፣ ጥቅል ጨርቅ በትሮሊ ነው ምንገፋው፣ ጥቅሉ ከኔ ቁመት በላይ ይደረደራል፣ ከፊቴ ምን እንዳለ አይታየኝም። ባለፈው አመት አንዷ እህታችን ነፍሰጡር ሆና እየገፋች ሳለ የትሮሊው ጎማ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ውስጥ ገባና ባንዴ ቆመ፣ እጀታው ሆዷን መታት። ፅንሱ ተረፈ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እሷ ከዛ በፊት ለሱፐርቫይዘሯ "ነፍሰጡር ነኝ ሌላ ቦታ አዛውሩኝ" ብላ ነበር፣ በቃል። በቃል ያለችው ማስረጃ አልሆናትም።

ከሷ በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበን ሁለት ነገር ጠየቅን፣ ጥቅሉ ከደረት በላይ እንዳይደረደርና የተሰነጠቀው መሬት እንዲሞላ። ሁለተኛውን በሁለት ሳምንት አደረጉት፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶና አሸዋ ነው የፈጀው። የመጀመሪያውን ገና እየተከራከርን ነው። ማንም አልተባረረም። አስራ አንድ ሆነን ስለፈረምን ይመስለኛል። አንድ ሰው ብቻውን ከፈረመ ግን ያልከው ይደርሳል፣ አልክድም።


ህግ_ያነበብኩ · 5፡15

የቢሮዎቹን መልስ ስላያችሁት ህጉ የሚለውን ልጻፍ። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፣ አማርኛው በቀላሉ ይገኛል አንብቡት።

መጀመሪያ የስራ ላይ ጉዳት ከሆነ አሰሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ተጠያቂ ነው። ይሄ ትልቁ ነጥብ ነው፣ "የኔ ጥፋት አይደለም" ብሎ አያመልጥም። የሚያመልጠው ሰራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ ሰክሮ ስራ ገብቶ ሲጎዳ፣ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ ነው። እነሱ የያዙት ይቺን የመጨረሻዋን ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ "በግልጽ ተሰጥቷል ወይ" ላይ ነው። ልጁ ቋንቋውን የማያውቀው፣ በማይገባበት ቢሮ የተለጠፈ ወረቀት፣ ስልጠና ሳይሰጥ፣ ሌላ መንገድ ሳይኖር... እኔ ዳኛ አይደለሁም ግን ይሄ መመሪያ ተሰጠ ለማለት በጣም ይከብዳል። በዛ ላይ ያው አዋጅ አሰሪው ሰራተኛውን ስለ ስራው አደጋና ጥንቃቄ ማሳወቅና ማሰልጠን፣ የአደጋ መከላከያ መሳሪያ ማቅረብ፣ አደጋውን መዝግቦ ለሰራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት ይላል። መዝግበዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልመዘገቡ እናንተ ጻፉ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን አይቷል፣ መሳሪያው ምን ሆኖ ነበር፣ መቼ ለማን ተነግሮ ነበር። አሁን ጻፉት፣ ከወር በኋላ ሁሉም ሰው ይረሳል ወይም እንዲረሳ ይደረጋል።

ውል በጽሑፍ የለውም ያልከው፣ ውል በጽሑፍ አለመሆኑ መብቱን አያሳጣውም። መስራቱን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል እንጂ፣ የደሞዝ ሰነድ፣ የመግቢያ ፊርማ፣ መታወቂያ፣ ምስክር።

ክፍያው፣ የህክምናውን ወጪ አሰሪው ነው የሚሸፍነው፣ ስለዚህ ያዋጣችሁትን ደረሰኝ አትጣሉ። በጊዜያዊነት መስራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደሞዙ፣ ለቀጣዩ 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዛ ለ6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። ስድስት ሳምንት ጀሶ ከሆነ እንግዲህ ሙሉ ደሞዙ ነው። እግሩ ላይ ዘላቂ ጉዳት ከቀረ ደግሞ ሌላ የጉዳት ካሳ አለ፣ ያ በህክምና ቦርድ የጉዳት መጠን ተለክቶ ነው። ብር ተቀብሎ "ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ላይ እንዳይፈርም፣ እግሩ ሳይድን ማንም ምን እንደቀረበት አያውቅም።

ጥጥና ክር ላነሳሽው፣ ነፍሰጡር ሰራተኛ ስራው ለሷ ወይ ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ስራ ልትዛወር ይገባል፣ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ በጽሑፍ ታስገባ፣ ኮፒው ላይ ተቀባዩ ይፈርም።

እና አትዘግዩ፣ ይርጋ አለው፣ ማለትም መጠየቂያ ጊዜው ካለፈ መብቱ ይቀራል።


ኩንታል_ተሸካሚ · 6፡40

እኔ ሸዋሮቢት ነኝ፣ እዚህ ሽንኩርትና ማሽላ ነው ምንጭነው። እናንተ ሃንድ ፓሌት አላችሁ እኛ ትከሻና ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነው። ማሽላው በኩንታል ነው የሚሞላው 100 ኪሎ፣ ሁለት ሰው ከመሬት አንስቶ አንዱ ትከሻ ላይ ይጭናል እሱ ሳንቃ ላይ ወጥቶ መኪናው ላይ ይጥላል። ሳንቃው ይወዛወዛል። እኔ 31 አመቴ ነው ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ ወገቤ እስኪላቀቅ ግድግዳ ይዤ ነው የምቆመው፣ ህመሙ በግራ እግሬ እስከ ባቴ ይወርዳል። አንድም ቀን አልወደቅኩም አንድም ቀን አልተመታሁም። እና ይሄስ ጉዳት ነው ወይ? ማን ይመዘግብልኛል? የማን ሰራተኛ ነኝ? ዛሬ ለአንዱ ነጋዴ ነገ ለሌላው ነው ምጭነው።


ህግ_ያነበብኩ · 7፡02

ወንድሜ ያንተ ከባድ ጥያቄ ነው፣ አልዋሽህም። አንድ ቋሚ አሰሪ የሌለው ጫኝ በዚህ አዋጅ በኩል ብዙ አያገኝም። ግን ስለ ክብደቱ ልንገርህ፣ የአለም የስራ ድርጅት በ1967 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው ምክር ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ በቶሎ ወደዛ ይውረድ ይላል። አንተ ከዛ እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው የምትሸከመው። ጫኞቹ በማህበር ከተደራጃችሁ ቢያንስ "ከ50 ኪሎ በላይ በተሞላ አንጭንም" የሚለውን ከነጋዴው ጋር አንድ ላይ መነጋገር ትችላላችሁ። ማዳበሪያና ሲሚንቶ በ50 ነው የሚመጣው፣ መኪናው ላይ ሲደረስ ያው ነው፣ እህሉ በ50 ቢሞላ የሚጨምረው የጆንያ ዋጋ ነው።


ነርስ_ከሸዋሮቢት · 7፡20

ኩንታል ተሸካሚ፣ ሀገርህ ነኝ። ወደ እግር የሚወርድ ህመም ከወገብ ዲስክ ሊሆን ይችላል፣ መታየት አለበት። ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይ መቀመጫህና ጭንህ መሃል ከደነዘዘ፣ ወይ እግርህ ከከዳህ ያን ቀን ና፣ አትደር። እስከዛ ሙሉ በሙሉ ተኝተህ አትዋል ቀስ ብለህ ተራመድ፣ ግን 100 ኪሎው ይቅር። ይቅር ማለት ለኔ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።


ኩንታል_ተሸካሚ · 7፡31

የመጨረሻዋን ስላልሽ እግዜር ይስጥሽ። ሰኞ እመጣለሁ።


የጠባሴ ልጅ · ህዳር 23፣ ከምሽቱ 2፡05

ጓዶች የደረስንበትን ልንገራችሁ ብዙ ሰው በውስጥ እየጠየቀኝ ስለሆነ።

ህግ ያነበብኩ እንዳልከው ያን ማታ ቁጭ ብለን ጻፍነው። አምስት ሆነን ነው የፈረምነው፣ ሁለቱ ፈርተው ቀሩ አልፈርድባቸውም። ሃንድ ፓሌቱ መበላሸቱን ለሱፐርቫይዘሩ የነገርኩት በስልክ መልእክት ጭምር ነበር ለካ፣ ፈልጌ አገኘሁት፣ መስከረም 12 ነው፣ "ጎማው ተሰብሯል" ብዬ ከነፎቶው ልኬለታለሁ እሱም "እሺ" ብሎ መልሷል። ይቺን ሳሳያቸው የቢሮው ንግግር ተለወጠ። የህክምናውን ወጪ መለሱልን፣ የ15 ቀኑን ደሞዝ ሙሉውን ከፈሉት። በጽሑፍ "የስራ ላይ ጉዳት ነው" የሚለውን ግን እስካሁን አልሰጡም፣ "በሂደት ላይ ነው" ነው መልሱ፣ ስለዚህ የሰራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ አመልክተናል፣ ሰው ልከው ተዳፋቱን አይተዋል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። 20 ሺህ ብር ይዘህ ጨርስ ብለውት ነበር፣ አልፈረመም። አጎቱ ነው "አትፈርም" ያለው፣ ያው ወጌሻ ካልሆነ ያለው አጎቱ። ጀሶው እንዳለ ነው።

እኔን ደሞ ከቀን ወደ ማታ ሺፍት አዛወሩኝ። በዚህ ምክንያት ነው ወይስ አይደለም አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ማታ ይበርዳል።

ተዳፋቱን ከአሮጌው ስቶር ኪፐር ምክር በኋላ በሜትርና በውሃ ልክ ለካነው፣ በሜትር 8 ሳንቲ ይወርዳል። 1200 ኪሎው 96 ኪሎ ሆኖ ነው ማለት ነው የገፋው። ልጁ ራሱ 58 ኪሎ ነው። ይሄን ቁጥር ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ጽፌ ከበሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ፣ እስካሁን ማንም አላወረደውም። አሁን እዛች ላይ ከ10 ከረጢት በላይ አናወርድም፣ እሱንም ከላይ ሆነን ሁለት ሰው ይዘን ነው፣ ሾፌሮቹ ይጮሃሉ።

መካኒክ፣ ያን ሃንድ ፓሌት እጀታውን በሰንሰለት አስረነዋል። ጎማውን ግዙ ሲባሉ መጠኑን አምጡ አሉን። ትልቁ ላይ 180 በ50 ሚሊ ይላል፣ ትንሹ ተሰብሮ ጽሑፉ አይታይም። የት ይገኛል፣ መጠኑንስ እንዴት ነው የምንለካው?


መካኒክ_ቀበሌ04 · 2፡48

ትንሹ አብዛኛው ጊዜ 80 በ70 ነው፣ ግን 80 በ93ም አለ ስለዚህ እንዳትገምት። ያልተሰበረውን በሌላኛው ሹካ ያለውን ፍታና ወርዱን ለካ፣ የአክሱን ውፍረትም። አንዱን ብቻ አትቀይር ሁለቱንም ጎን እኩል ቀይር አለዚያ ያዘነብላል። ኩሽኔታውን አብረህ ግዛ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት አምጣው፣ እንፈታዋለን፣ ለልጁ ስል የእጄን አላስከፍልም።